ከባድ ብሬይንስ

ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ አንድ ካሴት ያመጣብኝ ውርደት አልለቀቀኝም። መኪና ሳቆም ትዝ ይለኛል። ጥርሴን ስቦርሽ ትዝ ይለኛል። ባለፈው እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ድንገት ትዝ ብሎኝ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ወይኔ ጉዴ!» ብል፣ አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ ስለ ኃጢአቴ የማለቅስ መስሏቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ካሴቱን ያገኘሁት ከጋሼ ካርቶን ውስጥ ነው። ጋሼ የእናቴ ወንድም ነው። ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የነበረውን አፓርታማ ለቆ ልጁ ጋ ሊገባ ዕቃ ስንለይ፣ ጊዜው ባለፈ ፓስፖርትና በሦስት ፌስታል በታሰረ በርበሬ መሃል ቢጫ ነገር ብቅ አለ። ገልበጥ ሳደርገው እጄ ተንቀጠቀጠ። ቢጫ መደብ፣ የካፒቶሉን (የአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ) ጉልላት የሚመታ መብረቅ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ። የባድ ብሬይንስ የመጀመሪያ አልበም! የ1982ቱ! (የፈረንጅ ነው፤ ዓ.ም. ካላልኩ ሁሉም የፈረንጅ ነው።)

«ሐበሻ ደግሞ መቼ ፓንክ (ያን ጩኸትና ፍጥነት የበዛበት የፈረንጅ ሮክ) ሰምቶ ያውቃል?» ለምትሉ፣ በዲቪ መጥቼ መጀመሪያ የሠራሁት እንደማንኛችንም ፓርኪንግ ነው። ሌሊት አብሮኝ የሚያድር አንድ ፈረንጅ «የእናንተን ባንዲራ የሚለብሱ የዲሲ ልጆች አሉ» ብሎ ጆሮ ማዳመጫውን አቀበለኝ። አራት ጥቁሮች ናቸው። ጃዝ ቅልቅል ሲጫወቱ ቆይተው በሰባዎቹ መጨረሻ ፓንክ ጀመሩ፤ ስማቸውንም ራሞንስ ከሚባል የፓንክ ባንድ ዘፈን ወሰዱ። ከዚያ ራስታ ሆኑ። አንዱ ዘፈናቸው እንደ እብድ ውሻ ያባርርሃል፣ ቀጥሎ ሬጌ ይመጣና ቁጭ በል ይልሃል። እኔ ከዚያ ሌሊት ወዲያ ቁጭ አላልኩም።

ያ አልበም የተቀዳው በ1981 ኒውዮርክ፣ አቬኑ ኤ ላይ በነበረ ስቱዲዮ ነው። የዲሲ ክለቦች በር ሲዘጉባቸው ወደዚያ ሄደው ነበር። ሮር የሚባለው የኒውዮርክ ኩባንያ ሲያወጣው ደግሞ በሸክላ አላወጣውም፤ በካሴት ብቻ ነው ያወጣው። ስለዚህ ሰብሳቢዎቹ ዘንድ ዋናው፣ እናቱ፣ ካሴቱ ነው። ከ2021 ወዲህ የድሮ አልበሞቻቸው በሸክላ እንደገና እየታተሙ ነው፤ ሽፋናቸው ብሉ ኖት የሚባለውን የጃዝ ኩባንያ ሸክላ እንዲመስል የተደረጉም አሉ። እኔም ገዝቻለሁ፤ ባለቤቴ ዋጋውን እስከ ዛሬ አታውቅም፤ ይህን ካነበበች ሸክላዎቹ ለሽያጭ ናቸው። ግን የ1982 ካሴት ሌላ ነው።

እና ምን አደረግኩ? ዝም ብዬ መሳቢያ ውስጥ በመክተት ፈንታ፣ አንድ የሸክላ ሱቅ ምድር ቤት ውስጥ የደጋፊዎች የትዝታ ዕቃ ማሳያ እንዳለ ሰምቼ «እኔም የማሳየው አለኝ» ብዬ ተመዘገብኩ። የሱቁን ስም አልጠራም፤ ምንም አላጠፉም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ሠላሳ ሰው ያህል ነበር። ፀጉሩ የሳሳ፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ ግን ጃኬቱ ላይ ያለው መርፌ ቁልፍ ዛሬም ያልወለቀ ሰው ሁሉ ተሰብስቧል። አንዱ በፎቶ ኮፒ የተባዛ የድሮ ኮንሰርት ወረቀት ላስቲክ ውስጥ አድርጎ ይዟል። (ላስቲክ የምትለዋን ቃል ያዙልኝ።) አንዱ ናይን ሰርቲ ክለብ ኤፍ ጎዳና ላይ በነበረበት ዘመን የተቆረጠ ትኬት አለው። አሁን ክለቡ ከእኛ ሠፈር ጎን ቪ ጎዳና ላይ ነው፤ እዚያ አካባቢ መኪና ለማቆም ስትዞር ኮንሰርቱም ያልቃል፣ ክትፎውም ይቀዘቅዛል። አንዱ ደግሞ የተሰበረ የከበሮ ዱላ ይዞ መጥቷል። የማን እንደሆነ አላወቀም። ግን ተሰብሯል።

በመሃል የተለመደው ጥያቄ መጣ። እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ኢትዮጵያዊ መሆኔ ከታወቀ፣ አንድ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ጃንሆይ ይጠይቀኛል። ጎረቤቴ እንደነበሩ ሁሉ። ጃንሆይ የሞቱት በ1967 ዓ.ም. ነው፤ እኔ የተወለድኩት በ1974 ዓ.ም.፣ ያውም ደብረ ብርሃን። «አግኝተሃቸው ታውቃለህ?» ይሉኛል። አይ፣ ተላልፈናል! ይህን ስንት ዓመት መለስኩ! አንድ ቀን «አዎ፣ አንድ ጊዜ ሃያ ብር አበድረውኝ ነበር» ብዬ እገላገላለሁ።

ተራዬ ደረሰ። ያን ዕለት የተናገርኩትን ንግግር ሠርጌ ላይ አልተናገርኩም። ጋሼ በሱዳን አድርጎ እንዴት አሜሪካ እንደገባ፣ አዳምስ ሞርጋን 18ኛው ጎዳና ላይ እንዴት ሳህን እንዳጠበ አወራሁ። ባድ ብሬይንስም ሥራ ሲጀምሩ እዚያው ጎዳና ላይ ማዳምስ ኦርጋን በሚባል የአርቲስቶች ቤት ይጫወቱ ነበር። «እነዚህ ልጆች ባንዲራችንን ይዘው ከወጡበት መንገድ ላይ፣ እኛ እንጀራችንን ይዘን ገባን» አልኩ። ጭብጨባ። አንዲት ሴትዮ ዓይኗን ጠረገች። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ።

ነጭ ጓንት ያደረገ ሰብሳቢ ካሴቱን ተቀበለኝ። ገለበጠው፣ አሸተተው፣ ሦስት ጊዜ አነጠሰ። ቀጥሎ ጣቱን ከላይ በኩል አሳረፈና «እነዚህ ቀዳዳዎች ላይ የተለጠፈው ምንድን ነው?» አለኝ።

አየሁት። ሁለቱም ቀዳዳ ላይ ፕላስተር ተለጥፏል።

የእኔ ዘመን ልጆች አሁን ወንበራችሁን ጨብጡ። ሙሉቀንን አጥፍተን አስቴርን የቀዳን ትውልድ፣ ያ ፕላስተር ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋንም፤ ቀዳዳው ከተደፈነ ኦሪጅናሉ ላይ ሌላ ይቀዳበታል። ወረቀት ጠቅጥቀን፣ ማስቲካ ለጥፈን፣ ስንት ኦሪጅናል ካሴት አበላሽተናል! እኔ ግን ያን ሰዓት በጭብጨባ ሰክሬያለሁ። «እሱ ጥገና ነው፤ አቧራ እንዳይገባ» አልኩ። ሰውየው በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ። ካሴቱን ከተተው፤ ድምጽ ማጉያዎቹ ቁመታቸው እኔን ያህላል። ተጫነ።

ሽሽሽሽ። ዶሮ ጮኸ። ከዚያ፦

«እየሰማ ነው?»

«ተናገሪ እማዬ፣ ቀይዋን ተጭኛታለሁ።»

አያቴ ናት። ነፍሷን ይማረውና፣ አሜሪካ ሩቅ ስለሆነ ጮክ ማለት ያስፈልጋል ብላ፣ ዳገት ላይ ቆሞ ከብት እንደሚጣራ ሰው እየጮኸች፦ «ለውድ ልጄ! ለጤናህ እንደምን ከርመሃል! እኛ ከአንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን!»

ያኔ ስልክ የት አለ! ጋሼ ድምፁን በዚህ ካሴት ቀድቶ በመንገደኛ ሰደደ፣ ደብረ ብርሃን እሱን አጥፍተው መልሱን ቀዱበት፣ በሌላ መንገደኛ ከበርበሬው ጋር መለሱለት። እነዚያ አራት ልጆች አቬኑ ኤ ላይ ላባቸውን ያፈሰሱበት ሥራ ደብረ ብርሃን ደርሶ ተመልሷል።

ልነሳና ላጠፋው ስል ዙሪያዬን አየሁ። ሠላሳው ሰው ዓይኑን ጨፍኗል። ፂሙ ደረቱ ላይ የደረሰ ሰውዬ እጁን ልቡ ላይ አድርጓል። መግቢያ ጸሎት መስሏቸዋል! ያልወጣ ቅጂ፣ ከራስታ አሮጊት ቡራኬ ጋር! አንዱማ ስለ ዶሮው አጠገቡ ላለው «ግሩም ነው» ሲለው ሰማሁ።

አያቴ ቀጠለች። ማን እንደወለደ፣ የዕድር ያልከፈለው ማን እንደሆነ፣ በርበሬው ሲደርስ ፀሐይ ላይ እንዲሰጣ። ይህ ሁሉ ምንም አይደል። ከዚያ ስሜን ጠራች። ከነአባቴ፣ ከነአያቴ፣ እንደ ችሎት ጸሐፊ።

«አምስት ዓመት ሞላው። ይበላል፣ ይጫወታል። አልጋ ላይ ብቻ ነው ያስቸገረን። ላስቲክ አነጠፍንለት። መጀመሪያ ስስ ላስቲክ ነበር፣ እሱን ቀደደው። አሁን ወፍራም ላስቲክ ከመርካቶ አስመጣንለት፣ ሰማያዊ ላስቲክ። ሌሊት ሲገላበጥ ላስቲኩ ሲንኮሻኮሽ ጎረቤት ይሰማል። ጠዋት ላስቲኩን አጥር ላይ እናሰጣዋለን። ነፋስ ሲመጣ ላስቲኩ እንዳይበር ድንጋይ እናስቀምጥበታለን…»

ለመከላከያዬ፦ የደብረ ብርሃን ብርድ ነው። ከተማው የብርድ ልብስ ፋብሪካ የተከፈተበት ያለምክንያት አይደለም። ሐምሌ ሌሊት ውጭ ወጥቶ የሸና የአምስት ዓመት ልጅ ካለ ይምጣና ይውቀሰኝ። በዚያ ላይ ድምጽ ማጉያዎቹ ትልቅ ናቸው ብያችኋለሁ። የመርካቶው ላስቲክ ውፍረት በደረቴ ውስጥ ነው ያስተጋባው። በኋላ ቤቴ ሄጄ ቆጥሬዋለሁ፤ «ላስቲክ» አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተጠርቷል። ስለ ደርግ አንድም ቃል የለም፣ ስለ አባቴ ሕመም ግማሽ ዓረፍተ ነገር፣ ላስቲክ አሥራ ዘጠኝ።

ባለፂሙ ሰውዬ ዓይኑን ገለጠ። «ደጋግማ ራስታ ትላለች» አለ። «ራስቲክ… ራስታ… ምን እያለች ነው? እባክህ ተርጉምልን።»

ሠላሳ ፊት ወደ እኔ ዞረ። ጓንት ያደረገው ሰውዬ እስክሪብቶ አወጣ።

እውነቱን መናገር እችል ነበር። ይስቁብኝ ነበር፣ እስቅ ነበር፣ ያልቅ ነበር። እኔ ግን ጉሮሮዬን ጠርጌ ምን አልኩ? «ስለ አንድ ብላቴና ትናገራለች። በሌሊት ስለሚመጣ ውኃ። ከውኃውም ስለሚጋርደው ሰማያዊ ነገር።»

ጸጥታ። እየጻፉ ነው። «ነፋስ እንዳይወስደውም ድንጋይ ያጸኑታል» ብዬ ጨመርኩ። ምን ነካኝ? ማን ጨምር አለኝ? ባለፂሙ እንባው ወረደ።

ይሄኔ ከኋላ በኩል የሆነ ድምፅ ተሰማ። ሳቅን ሲያፍኑት በአፍንጫ የሚወጣው ዓይነት። ዞር ስል፣ እንጀራ የምገዛባት ሱቅ ያለችው እህታችን! ልጇ ከበሮ ትማራለች፣ እሷን ይዛ ነው የመጣችው። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ፣ ግድግዳ ተደግፋ ትንቀጠቀጣለች። ልጅቷ «ማሚ ምንድን ነው?» ትላለች፤ እሷ እጇን ታወናጭፋለች፣ መተንፈስ አቅቷታል። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። በዓይኔ ለመንኳት። በጣቷ የአልጋ ቅርጽ ሠርታ አሳየችኝ።

አያቴ ወደ ምርቃቱ ደርሳለች። «እግዚአብሔር ከክፉ ነገር ሁሉ ይጠ…»

ቀረጻው እዚያ ላይ አለቀ፤ ከሥር ያልጠፋው ባድ ብሬይንስ በሙሉ ፍጥነት ገባ። ጊታሩ፣ ከበሮው፣ ጩኸቱ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ልክ አያቴ ራሷ «ሂዱ!» ያለቻቸው ይመስል። ክፍሉ ፈነዳ። ጉልበቱን የሚያመው ሁሉ ዘለለ። እኔ ብቻ ቆሜ ቀረሁ። ስለ አቀነባበሩ ግን እውነቱን ልናገር፤ ከዚያ የተሻለ አገባብ ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዝም ብሎ ብስጭት ነው። ጓንት ያደረገው ሰውዬ ወደ ጥግ ወሰደኝ፤ ሞኝ አልነበረም። ሲጫወት ገብቶታል። «የተቀዳበት ስለሆነ ካሴቱ ዋጋ የለውም፤ ለሽፋኑ ሃያ ዶላር ልስጥህ» አለኝ። ሲያነጥስበት ግን በነጻ ነበር! ሌላው ደግሞ የዲሲ ቤተ መጻሕፍት ከ2014 ጀምሮ የፓንክ መዝገብ እንዳለው ነግሮኝ፣ ለታሪክ እንዳስቀምጠው ለመነኝ። ለታሪክ! መቶ ዓመት ቆይቶ አንድ የዶክትሬት ተማሪ ሰማያዊውን ላስቲክ ሲተነትን ታየኝ። አልሰጥም አልኩ።

ማታ ጋሼ ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ያን ቢጫ ካሴት ታስታውሰዋለህ?»

«የባንዲራውን? አዎ። ባንዲራችንን አይቼ የኛ ሰው መስሎኝ በሁለት ዶላር ገዛሁት። ቤት ገብቼ ብከፍተው ግርርርር አለ። ቴፔ ካሴት እየበላ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ፈትቼ ጠረግኩት።»

«የእማዬ ድምፅ አለበት እኮ።»

ትንሽ ዝም አለ። «የበርበሬውን አነሳች?»

«አንስታለች።»

«አላሰጣሁትም ነበር» አለ። «ሻግቶ ነው የቀረው። ለሷ ደህና ደርሷል ብያታለሁ። በል አምጣልኝ ነገ።»

ወሰድኩለት። አሁን እሱ ጋ ነው፤ ጠዋት ጠዋት እስከ «ይጠ…» ድረስ ይሰማና ቶሎ ያጠፋዋል።

ለሁለት ሳምንት ሌላ ሠፈር እንጀራ ገዛሁ። እንጀራ አይሉት፣ ስፖንጅ። ቅዳሜ ተሸንፌ ወደ ዱሮዬ ተመለስኩ። ሱቁ ሞልቷል፤ ሰልፍ አለ። እህታችን ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ «ሁለት እስር?» አለችኝ። እግዜር ይስጥሽ፣ ረሳችው አልኩ በልቤ። ከፈልኩ። በዲሲ ሕግ ለአንድ መያዣ አምስት ሳንቲም እንደሚከፈል ታውቃላችሁ፤ እኔ አምስቷ ሳንቲም ስለምታንገበግበኝ ሁልጊዜ የጨርቅ ቦርሳዬን ይዤ ነው የምሄደው። ልወጣ በሩን ስገፋ፣ ከኋላዬ፣ ለሰልፉ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ፦

«ወንድሜ፣ ላስቲክ አልጨምርልህም? ለአንተ በነጻ ነው። ወፍራሙ አለ።»