ሁከር ወጥቶ ፍላይ ሃፍ ሲገባ

የደቡብ አፍሪካው ሁከር ማልኮም ማርክስ በልምምድ ላይ ጉልበቱን ተጎድቶ ከራግቢ የዓለም ዋንጫው ወጣ ሲባል፣ ጆሃንስበርግ ጄፒ ሰፈር ውስጥ ካለነው ሐበሾች ነገሩ ያስጨነቀን በጣት የምንቆጠር ነበርን። በፈረንጆቹ መስከረም 2023 ነው፤ ውድድሩ ፈረንሳይ ላይ ተጀምሯል። እኔ ጆሃንስበርግ መሃል ከተማ ልብስ ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው። እዚህ ያለው አበሻ በእግር ኳስ ነው የሚያብደው፣ ስለ አርሰናልና ስለ ማንቸስተር ሲከራከር ያመሻል። እኔን ግን ራግቢ ከያዘኝ ቆይቷል። ያስያዙኝ የሕንፃችን ጥበቃ ናቸው።

ስልሳን ያለፉ ሰው ናቸው፣ ኮሳ፣ የምሥራቅ ኬፕ ተወላጅ። ሁላችንም "ታታ" ነው የምንላቸው፤ በእነሱ ቋንቋ አባባ እንደማለት ነው። ብዙ ሰው ራግቢ የነጮች ጨዋታ ብቻ ይመስለዋል። ምሥራቅ ኬፕ ላይ ግን ጥቁሮቹም ከመቶ ዓመት በላይ ተጫውተውታል፣ በአፓርታይድ ዘመንም ሜዳው አቧራ ሆኖ፣ ማንም ሳይመርጣቸው ተጫውተውታል። ታታም በወጣትነታቸው ተጫውተዋል።

ያን ቀን ዜናውን ስነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ "በእሱ ቦታ ማንን ጠሩ?" ብለው ነው።

ስልኬን አየሁ። "ፖላርድን።"

ዝም አሉ። ቆይተው "ሁከር ወጥቶ ፍላይ ሃፍ ይገባል እንዴ?" አሉኝ። ከዚያ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ጭንቅላታቸውን ያዙ።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ራግቢ ዩኒየን በ15 ሰው ነው የሚጫወቱት። 8ቱ ፎርዋርድ ይባላሉ፣ ግዙፎቹ፣ የሚገፉትና የሚታገሉት። 7ቱ ደግሞ ባክ ናቸው፣ የሚሮጡትና በእግር የሚመቱት። ሁከር ከፎርዋርዶቹ ነው፣ 2 ቁጥር። ስክረም ላይ 8ቱ ከ8ቱ ጋር አንገት ለአንገት ሲገጥሙ መሃል ላይ የሚቆመው እሱ ነው። ኳስ ከመስመር ሲወጣም ወርዋሪው እሱ ነው፣ ላይን አውት ይባላል። ሁለት ረድፍ ሰው ይቆማል፣ አንዱን ጓደኞቹ ወደ ሰማይ ያነሱታል፣ ሁከሩ ኳሷን በአየር ላይ እጁ ውስጥ ማድረስ አለበት። ግማሽ ሜትር ከሳተ ኳሷ የተጋጣሚ ናት። ፍላይ ሃፍ ደግሞ 10 ቁጥር ነው፣ ጨዋታውን የሚመራና አብዛኛውን ጊዜ ቅጣት ምቱን የሚመታ። በእግር ኳስ ብታስቡት ከሁለት በረኞች አንዱ ተጎድቶ በምትኩ አጥቂ እንደ መጥራት ነው።

ማርክስ ከሄደ በኋላ በስብስቡ ውስጥ የቀረው ሁነኛ ሁከር ቦንጊ ምቦናምቢ ብቻ ነበር። ምቦናምቢ ቢጎዳስ? መልሱ ዲዮን ፉሪ ነው። ፉሪ በወጣትነቱ ሁከር ሆኖ የተጫወተ፣ በኋላ ወደ ፍላንከርነት (ከፎርዋርዶቹ፣ ስክረም ላይ ጎን የሚቆመው) የዞረ ሰው ነው። ለብሔራዊ ቡድኑ የተጠራው በ2022 ነው፣ በ35 ዓመቱ! በዚያ ዕድሜ ሌላው ጫማውን ይሰቅላል።

የራግቢ ብሔራዊ ቡድን ምርጫ ከእግር ኳሱ የሚለይበት ነገር አለ። በእግር ኳስ የወዳጅነት ጨዋታ አለ፣ አሰልጣኙ ልጆች ይሞክራል፣ ቢሸነፍም ብዙ አያሳስበውም። በራግቢ ሁለት አገሮች በዋና ቡድናቸው ሲገናኙ ጨዋታው ቴስት ነው፣ አለቀ። የመጀመሪያው ቴስት በ1871 ኤደንብራ ላይ ስኮትላንድና እንግሊዝ ያደረጉት ነው፣ ያኔ በ20 በ20 ሰው ነበር፣ ስኮትላንድ አሸነፈች። አሁን አብዛኛውን ጊዜ ሐምሌ ላይ የሰሜኖቹ ወደ ደቡብ ይወርዳሉ፣ ኅዳር ላይ የደቡቦቹ ወደ ሰሜን ይወጣሉ፣ እያንዳንዷ ግጥሚያ ትመዘገባለች። አንድ ቴስት የተሰለፈ ሰው ዕድሜውን በሙሉ የዚያ አገር ተጫዋች ተብሎ ይጠራል። ስለዚህ የስም ዝርዝር የሚወጣበት ቀን እዚህ አገር እንደ ማትሪክ ውጤት ነው የሚጠበቀው።

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ደግሞ የብሔራዊ ቡድኑ፣ የስፕሪንግቦክ፣ የስም ዝርዝር ሌላ ክብደት አለው። ታታ አንድ ቀን እንዲህ አሉኝ፦ "አባቴ ስፕሪንግቦክ ሲጫወት ኒውዚላንድን ነበር የሚደግፈው። ሜዳው ላይ እኛን የሚመስል ሰው አልነበረማ።" እውነታቸውን ነው። የመጀመሪያው ጥቁር ስፕሪንግቦክ ኤሮል ቶባያስ የተመረጠው በ1981 ነው። በአፓርታይድ ምክንያት አገሪቱ በ1987ቱና በ1991ዱ የዓለም ዋንጫ አልነበረችም። በ1995 ስትመጣ፣ ማንዴላ የአምበሉን 6 ቁጥር ማሊያ ለብሰው በወጡበት ቀን፣ ጥቁር ሆኖ የተሰለፈው ቼስተር ዊሊያምስ ብቻ ነበር። ሲያ ኮሊሲ የቴስት አምበል የሆነው በ2018 ነው። ከጥቁሮች የመጀመሪያው። ያንን 6 ቁጥር አሁን የሚለብሰው እሱ ነው፣ የታታ አገር ልጅ።

ወደ ፖላርድ ልመለስ። ሃንድሬ ፖላርድ በ2019ኙ ፍጻሜ እንግሊዝን 32 ለ 12 ሲያሸንፉ 22ቱን ነጥብ ብቻውን ያስቆጠረ ሰው ነው። በ2023 ግን ባቱን ታሞ ሰነበተ፣ ከ33ቱ ስብስብ ውጭ ሆነ። ቦታውን የያዘው ማኒ ሊቦክ ነው። ሊቦክን እወደዋለሁ። ስኮትላንድ ላይ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየ በእግሩ ያሻገራትን ኳስ ያላየ ሰው ፈልጎ ይያት። ችግሩ ቅጣት ምት ነበር፣ አንዳንድ ቀን ይገባለታል፣ አንዳንድ ቀን የለም።

ፖላርድ በዚያን ጊዜ የሚጫወተው እንግሊዝ አገር ሌስተር ነው። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ኒውዚላንድ ውጭ የሚጫወት ሰው ለብሔራዊ ቡድን አትመርጥም፣ እንግሊዝም ከልዩ ምክንያት በቀር እንዲሁ። ደቡብ አፍሪካም በአንድ ወቅት ውጭ ያለ ተጫዋች 30 ቴስት ካልሞላ አይጠራም የሚል ደንብ ነበራት። አሰልጣኙ ራሲ ኢራስመስ ሲመጣ አነሳው። የተሰደደ ሰው ያገሩን ማሊያ መልበስ ይችላል ማለት ነው። ይሄን ስሰማ ደስ ያለኝ ለምን እንደሆነ ጄፒ የሚኖር ሰው አይጠይቀኝም።

ደግሞ ዣን ክሌይን አለ። ጆሃንስበርግ ተወልዶ፣ አየርላንድ ኖሮ፣ በ2019 የዓለም ዋንጫ ለአየርላንድ የተጫወተ። በ2022 ደንቡ ተቀየረ፦ በፊት ለተጫወተለት አገር ሦስት ዓመት ያልተሰለፈ ሰው በትውልድ ወይም በወላጅና በአያት በኩል የሚገናኘው አገር ካለ አንድ ጊዜ መቀየር ይችላል። ክሌይን ወደ ተወለደበት ተመለሰ፣ በ2023ቱ ፍጻሜም የደቡብ አፍሪካን አረንጓዴ ለብሶ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ከአየርላንድ ጋር የተደረገውን ጨዋታ ሱቅ ዘግተን አየን። 13 ለ 8 ተሸነፍን። ሊቦክም ፋፍ ደ ክለርክም ምት ሳቱ። ያን ቀን ታታ ሐሳባቸውን ቀየሩ፣ "ፖላርድ ይምጣ፣ ሁከሩን እግዜር ይጠብቅልን" አሉ።

የተጠባባቂው ነገር ደግሞ የጉድ ነው። 8 ተቀያሪ ይፈቀዳል። ሦስቱ የግድ የፊት ረድፍ ተጫዋቾች ናቸው (ሁከርና ግራ ቀኙን የሚቆሙት)፣ በስክረም አንገት የሚሰበርበት ቦታ ስለሆነ ያልሠለጠነ ሰው አይገባም። የቀሩት 5 የአሰልጣኙ ምርጫ ናቸው። ድሮ ከ8ቱ 5 ፎርዋርድና 3 ባክ ነበር የተለመደው። በ2019 ደቡብ አፍሪካ 6 ለ 2 አደረገች፣ ተቀያሪዎቹን "ቦምብ ስኳድ" አሏቸው፣ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ትኩስ ግዙፎች በደከመው ሰው ላይ የሚለቀቁበት ዘዴ ነው። በ2023 ነሐሴ ለንደን ትዊክንሃም ስታዲየም ላይ ዊሊ ለ ሩ በመጨረሻ ሰዓት ሲወጣ በቦታው ፎርዋርድ አስገቡ፣ 7 ለ 1 ሆነ። ኒውዚላንድን 35 ለ 7 አሸነፏት፣ እስከዚያ ድረስ በታሪኳ የከፋው ሽንፈት። ሰዎቹ ቀመሱት፣ ወደዱት። ግን እስቲ አስቡት፣ ሁለት ባክ ቢጎዳስ? ማን ሊሮጥ ነው?

ሩብ ፍጻሜ ላይ ፈረንሳይን 29 ለ 28። ቼስሊን ኮልቤ የፈረንሳዩ መቺ እግሩን ሲያነሳ ሮጦ ኳሷን በእጁ አገዳት፣ ልዩነቷም አንድ ነጥብ ሆነች። ግማሽ ፍጻሜ ላይ እንግሊዝ። ዝናብ። ሊቦክ ገና በ31ኛው ደቂቃ ወጣ፣ ፖላርድ ገባ። ለሊቦክ አዘንኩ፣ አቀርቅሮ ሲወጣ ዓይኔን መለስኩ። እንግሊዝ 15 ለ 6 መራች። ስናይማን ትራይ አገባ (ኳሷን ከግብ መስመሩ አሳልፎ መሬት ማስነካት ነው፣ 5 ነጥብ)፣ ፖላርድ ከትራይ በኋላ የምትሰጠዋን ተጨማሪ ምት መትቶ 2 ጨመረበት፣ 15 ለ 13። ከዚያ ሊያልቅ ሁለትና ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ስክረም ላይ ቅጣት ተገኘ። 50 ሜትር ገደማ ይሆናል። ፖላርድ ኳሷን አስቀመጠ፣ ትንሽ አየ፣ መታ። ከእግሩ ስትወጣ ነው የታወቀችው። 16 ለ 15።

ይኸውላችሁ፣ ሁከር ቀርቶ ፍላይ ሃፍ የተጠራበት ምክንያት ይሄ ነው። ሊቦክ የፍጻሜው 23 ውስጥ እንኳን አልገባም። ፖላርድ ተሰለፈ፣ ተጠባባቂው እንደገና 7 ለ 1 ሆነ፣ አንዱ ባክ ለ ሩ ነው።

በፈረንጆቹ ጥቅምት 28። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3። ጄፒ ውስጥ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ፎቅ ላይ ተሰበሰብን፣ ታታንም ይዘን ወጣን። ቡና እየተቆላ ነበር። አንዱ ጭሱ ቴሌቪዥኑን ጋረደብኝ ብሎ ሲነጫነጭ ገና ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ምቦናምቢ ወደቀ። የኒውዚላንዱ ፍሪዜል ሰውነቱን ጉልበቱ ላይ ጥሎበት ነው። ቢጫ ካርድ። ምቦናምቢ ተነስቶ ሊቆም ሞከረ፣ አልቻለም።

ታታ ኮፍያቸውን አወለቁ። የሚቆላውን ቡና ሽታ፣ የኮፍያውን ጠርዝ የሚያሹትን ጣቶቻቸውን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። "ሰባ ስምንት ደቂቃ ቀርቷል" አሉ። "ፉሪ ሰባ ስምንት ደቂቃ?"

የ37 ዓመቱ ፉሪ ገባ። 16 ቁጥር። ፖላርድ ደግሞ በዚያችው ጥፋት የተገኘችውን ቅጣት ምት አስቆጠረ። የአንዱ ምርጫ ዋጋና ጥቅም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጎን ለጎን ታየ።

ላይን አውቱ ተበላሸ፣ ልደብቅ አልችልም። ፉሪ ሲወረውር ስንት ጊዜ እጃችንን አፋችን ላይ ጫንን። ቤቱ በሙሉ ስለ ራግቢ የማያውቀውም ጭምር "ወርውር በደንብ!" ይላል በአማርኛ። ግን ሰውየው ከዚያ ውጭ ያልሠራው የለም፣ ይጥላል፣ ይነሳል፣ ኳስ ይነጥቃል፣ እንደገና ይጥላል። ፒተር ስቴፍ ዱ ቶይት ብቻውን 28 ጊዜ ተጋጣሚ ጣለ። ፖላርድ እስከ ዕረፍት አራት ቅጣት ምት አስቆጠረ፣ 12 ለ 6። የኒውዚላንዱ አምበል ሳም ኬን በቀይ ወጣ፣ በወንዶች የፍጻሜ ታሪክ የመጀመሪያው። ከዕረፍት በኋላ አንድም ነጥብ አላገኘንም። ቦደን ባሬት ትራይ አገባ፣ 12 ለ 11፣ ሞዉንጋ ተጨማሪዋን ሳተ። ኮልቤ በመጨረሻው ቢጫ አየና ማሊያውን ፊቱ ላይ አልብሶ ተቀመጠ፣ ማየት አልቻለም። እኔም ከጓደኛዬ ትከሻ ጀርባ ነበርኩ። ጆርዲ ባሬት ከሩቅ መታ፣ ወጣች።

12 ለ 11። ሦስት ጨዋታ፣ ሦስቱም በአንድ ነጥብ። 12ቱም የፖላርድ። ውሳኔው ትክክል ነበር ትሉኝ ይሆናል፤ እኔም ማርክስን የሚተካ ሁከር ቢጠራ ኖሮ ከእንግሊዝ አናልፍም ባይ ነኝ። ግን ያንን ውሳኔ በአንገቱና በትከሻው የተሸከመው ፉሪ ነው፤ ስለ እሱ የሚያወራ ሰው ሲያንስ ይከፋኛል።

ሰኞ ጠዋት ሱቃችን በሰው ተሞላ። አረንጓዴ ቲሸርት ከጀርባው ቁጥር እየታተመ ነበር የሚሸጠው፣ ሁሉም የሚፈልገው 6 ነው፣ የኮሊሲን። ታታ ወረፋ ይዘው መጡ። ቁጥሩን ስጠይቃቸው "16" አሉኝ። የ16 የተዘጋጀ አልነበረንም። 6 ቁጥር ያለበትን አንዱን አወረድኩ፣ ከፊቱ 1 አስጨመርኩላቸውና እዚያው ዩኒፎርማቸው ላይ ደርበው ወደ በራቸው ተመለሱ።