ስልኩ ከኪሴ ውስጥ ጠራ

በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. የ19 ዓመት ልጄ እዚህ ጎንደር ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስትመለስ የተሳፈረችበት ባጃጅ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጭቶ ሕይወቷ አለፈ። ታናሽ ወንድሟ ያን ጊዜ 15 ዓመቱ ነበር። ይህን የምጽፈው ስለ እሱ ነው፤ ሟች እንዴት እንደሚሸኝ ሁሉም ሰው ሲነግረኝ፣ ቤት ውስጥ ስላለው ልጅ ግን አንድም ሰው አላስጠነቀቀኝምና።

ስለ ቀብሩ የምለው ብዙ የለም። እድሩ ድንኳን ተከለ፣ ጎረቤት ንፍሮ ቀቀለ፣ ፍትሐቱ ተደረገ፣ ሰልስቱም ወጣ፤ በዚህ በኩል የጎንደር ሰው አላጎደለብኝም። እኔ ያበላሸሁት ከቀብሩ በፊት የነበረችውን አንዲት ሌሊት ነው።

አደጋው የደረሰው ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ነበር። ከሆስፒታል ስወጣ አንድ ፖሊስ ስልኳን በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝ። መስታወቱ ከዳር ከመሰንጠቁ በቀር ይሠራ ስለነበር በካፖርቴ የውስጥ ኪስ ከተትሁት። እናቷን፣ ልቅሶዋ ለልጁ እንዳይሰማ፣ እህቴ ዘንድ አሳደርናት። ዘመዶቼ በር ላይ ይዘውኝ፣ «መርዶ በሌሊት አይነገርም፤ ልጁ ይተኛ፣ ሲነጋ ሽማግሌዎች ያረዱታል» አሉኝ፤ እኔም እሺ አልሁ። ገብቼ እህቱ እግሯ ተሰብሮ ሆስፒታል እንደተኛች፣ እናቱም እያስታመመች እንደምታድር ነገርሁት። እሱ አምኖኝ፣ ጠዋት ይዞላት ሊሄድ የእህቱን ጋቢና ነጠላ ጫማ በዘንቢል አዘጋጅቶ ከበሩ ሥር አስቀመጠ። ያን ዘንቢል እያየሁ ሳሎን ተቀመጥሁ።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ እንቅልፍ እምቢ ብሎት ኖሮ ወደ እሷ ደወለ። ስልኩ ከኪሴ ውስጥ ጠራ። አውጥቼ ላጠፋው ብሞክርም እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ በተሰነጠቀው መስታወት ላይ እሷ ለእሱ ያወጣችለት የቁልምጫ ስም ይበራል። ልጁ የራሱን ስልክ ከጆሮው ሳያነሳ ወጥቶ ፊቴ ቆመ፤ «አባዬ፣ ስልኳ አንተ ዘንድ ምን ይሠራል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ልጄ የእህቱን መርዶ የሰማው በዚህ ዓይነት ነው፤ እናቱ በሌለችበት፣ አባቱ ሲዋሽ ተይዞ።

ሽማግሌዎቹን አልወቅስም፤ ልማዱ በሩቅ አገር ላለ ሰው፣ በጨለማ ብቻውን እንዳያለቅስ የተበጀ ጥሩ ልማድ ነው። ከአንድ ጣሪያ ሥር ላለ ልጅ ግን አይሆንም እላለሁ። በዚያው ሰዓት፣ እናትና አባት አብረው ሆነው፣ «ታማለች» ወይም «ደክማለች» ሳይሉ «ሞተች» ብለው በራሳቸው አንደበት ይንገሩት።

ሌላም ጥፋት አለብኝ። ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ ስለነበረበት፣ ብቻውን ቤት እንዳይውል ብዬ ልጁን ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይዤው ሄድሁ። ሠራተኛው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ፣ «ሟች ምንህ ናት?» ብሎ ልጁን ጠየቀው። እስከ ዛሬ ያ ድምፅ ያናድደኛል፤ ከእሱ ይልቅ ግን ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ልጁን እዚያ ያቆምሁት እኔው ነኝ። ወረቀት የአዋቂ ሥራ ነው።

ለቀስተኛው ሁሉ ለልጁ «በርታ፣ እናትህን አጽናና» ይለው ነበር፤ ማንም እሱን አላጽናናውም። ከአርባዋ በኋላ ስለ አደጋው መጠየቅ ሲጀምር «አታንሳበት» አሉኝ፤ በዚህ ጊዜ ግን አልሰማኋቸውም። ተሠቃይታ እንደሆነ፣ የት ላይ እንደወደቀች፣ ምን ለብሳ እንደነበር የጠየቀኝን ሁሉ የማውቀውን ያህል መለስሁለት፤ ወደ ቦታውም አብሬው ሄድሁ። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ልውጣ ሲለኝ፣ «ሐዘንተኛ ቤት» እየተባለ እየታማሁ ፈቀድሁለት፤ በየዓመቱ አብራው የምትወርደው እሷ ነበረችና። በዚህ አልጸጸትም።

እንቅልፍ ማጣቱ ስላልተወው ጠበል አስጠመቅነው። የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል በከተማችን እያለ፣ እዚያ የወሰድሁት ግን ሰማንያዋ ካለፈ በኋላ ነው፤ የሰው አፍ ፈርቼ ነበር። ጠበሉም ሐኪሙም አንድ ላይ ቢሆኑ ምንም አይጣሉም ነበር፤ ዘገየሁ።

ልጁ አሁን ይተኛል፣ ትምህርቱንም ጨርሷል። ነገር ግን እናቱ ከገበያ ትንሽ ከዘገየች አጠገቤ መጥቶ ይቆምና፣ ዓይኑን ከካፖርቴ ኪስ ሳይነቅል፣ «አባዬ፣ የደበቅኸኝ ነገር አለ?» ይለኛል።