«ሮጀር» ብዬ የታጠፍኩ ቀን

ደሴ ያደገ ሰው ያውቀዋል፣ ትልቅ ሰው ሲናገር ባይገባሽም መልሱ «እሺ» ነው። ይድገሙልኝ ማለት ሰውን ማድከም ይመስላል፣ ይሉኝታ ይይዝሻል። እኔም በዚህ ይሉኝታ አድጌ ነው አሜሪካ ሄጄ የበረራ ትምህርት የጀመርኩት፣ እና ፓይለት መሆን የሚፈልጉ የሰፈራችን ልጆች ስለ ሂሳቡ ስለ ፊዚክሱ ስለ ክፍያው ይጠይቁኛል እንጂ ስለ ሬዲዮ አንድም ሰው ጠይቆኝ ስለማያውቅ ነው ዛሬ ቁጭ ብዬ ይሄን የምጽፈው።

እስከዛ ቀን ድረስ በጠቅላላ 14 ሰዓት ገደማ በርሬ ነበር። ሴስና 172 የምትባል ትንሽ አውሮፕላን፣ ታወር (የበረራ ተቆጣጣሪዎች ያሉበት ማማ) ያለው ትንሽ ኤርፖርት፣ ኢንስትራክተሬ ከቀኜ ተቀምጧል፣ እኔ እየተነሳሁ እየዞርኩ እያረፍኩ እለማመዳለሁ። ዳውንዊንድ ላይ ነበርኩ፣ ማለትም ከራንዌዩ (ከማኮብኮቢያው) ጎን ለጎን ግን ከማረፊያው አቅጣጫ በተቃራኒ እየሄድኩ፣ ታወሩ የሆነ ረጅም ነገር ባንድ ትንፋሽ ለቀቀብኝ። የሰማሁት ኮልሳይኔን፣ ማለትም የአውሮፕላኔን መጠሪያ፣ እና «ናምበር ቱ»፣ ለማረፍ ሁለተኛ ነሽ፣ የሚለውን ብቻ ነው። «ሮጀር» አልኩ፣ ያውም ሁሉም ነገር እንደገባው ሰው ረጋ ብዬ፣ ከዛ እንደለመድኩት ወደ ቤዝ፣ ከመጨረሻው የማረፊያ መስመር በፊት ወዳለው መታጠፊያ፣ መታጠፍ ጀመርኩ። ለካ የተባልኩት ዳውንዊንዱን አርዝሚው፣ ፋይናል ላይ፣ ማለትም ቀጥታ ወደ ራንዌዩ በሚወስደው የመጨረሻ መስመር፣ የሚመጣ አውሮፕላን አለ፣ እሱ ካለፈሽ በኋላ ተከትለሽው ግቢ ነው። ኢንስትራክተሬ መሪውን ተቀብሎኝ ክንፉን ሲያቃናው ያ አውሮፕላን በግራ መስኮቴ በኩል ወደ ራንዌዩ እየወረደ አለፈ፣ የፊት ጎማው ለብቻው ይታየኝ ነበር።

አልጮኸብኝም። መሬት ወርደን ሞተሩ ከጠፋ በኋላ «ምን ነበር ያሉሽ?» አለኝ፣ ዝም አልኩ። ያኔ ነው ያስረዳኝ፣ ሮጀር ማለት ያልከው በሙሉ ደርሶኛል ማለት ብቻ ነው፣ እንዳልከኝ አደርጋለሁ ለማለት ዊልኮ አለ፣ አልችልም ለማለት አንኤብል፣ ድገምልኝ ለማለት ሴይ አጌን። ታወር ላይ ያለው ሰው ፊትሽን አያይም፣ ግራ መጋባትሽን ካልነገርሽው በምን ያውቃል?

የዛን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ በፈረንጆቹ 1990 ስለደረሰው አደጋ አነበብኩ። ከኮሎምቢያ ወደ ኒውዮርክ የሚሄድ ቦይንግ 707 አየሩ መጥፎ ስለነበር ከ1 ሰዓት በላይ ሰማይ ላይ እየዞረ እንዲጠብቅ ተደረገ። አብራሪዎቹ ነዳጅ እያለቀብን ነው ብለው ተናግረዋል፣ ግን አደጋ ላይ ነን ለማለት የሚያገለግሉትን ሜይዴይ ወይ ኢመርጀንሲ የሚሉትን ቃላት ለተቆጣጣሪዎቹ አላሉም፣ ስለዚህ ነገሩ የሞት ሽረት መሆኑ ለሰሚው አልደረሰም። 73 ሰው ሞተ። እኔ ውስጥ ያለውን «እሺ» እዛ ውስጥ አየሁት፣ እስከዛሬም ከውስጤ አልወጣም።

ለእረፍት ደሴ ስመጣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ልምምድ ጀመርን። ግቢ ውስጥ በአመድ ራንዌይ አሰመርኩ፣ እሱ ጓዳ ሆኖ በስልክ ታወር ይሆናል፣ እኔ ወረቀትና እርሳስ ጭኔ ላይ አስሬ በአመዱ ዙሪያ እየሄድኩ እመልስለታለሁ። በፍጥነት እንዲያነብልኝ፣ አንዳንዴም ሆን ብሎ ሌላ የራንዌይ ቁጥር እንዲነግረኝ አደረግኩት። ራንዌይ፣ ከፍታ፣ አቅጣጫ፣ የአልቲሜትር (የከፍታ መለኪያው) ቁጥር፣ የትራንስፖንደር (አውሮፕላኑን ለራዳር የሚያሳውቀው መሳሪያ) ኮድ፣ ፍሪኩዌንሲ፣ ደግሞ ከሁሉም በላይ ራንዌዩ ጋ ሳትደርሺ ቁሚ የሚለው ትእዛዝ፣ እነዚህን ቃል በቃል መልሼ እላለሁ፣ ስሳሳት ከመጀመሪያው።

አንድ ቀን አያቴ ቡና ላይ ተቀምጣ ስትሰማን ቆየችና እኔና ወንድሜ ባንዴ ስናወራ «ልጆቼ፣ ሁለታችሁም ከመረቃችሁ ማን አሚን ይላል?» አለች። ዱአ ላይ የተቀመጠ ሰው ይገባዋል፣ አንዱ ሲመርቅ ሌላው ጠብቆ ነው አሚን የሚለው። የአውሮፕላን ሬዲዮ ልክ እንደዛ ነው፣ ሁለት ሰው ባንድ ፍሪኩዌንሲ ባንዴ ከተናገረ ሰሚው ጋ የሚደርሰው ጩኸት ነው። በፈረንጆቹ 1977 ቴኔሪፍ ደሴት ላይ ሁለት ቦይንግ 747 ጭጋግ ውስጥ ተጋጭተው 583 ሰው ሲሞት፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ይሄ ነው፣ ታወሩ ጠብቅ ሲል ሌላኛው አውሮፕላን ደግሞ ገና ራንዌዩ ላይ ነኝ ሲል ድምፃቸው ተደራርቦ ለመነሳት እየተንደረደረ የነበረው ካፒቴን ጋ በቅጡ አልደረሰም። ከዛ ወዲህ ፍሪኩዌንሲ ስቀይር የመናገሪያውን ቁልፍ ከመጫኔ በፊት ትንሽ አዳምጣለሁ፣ ሰው እያወራ ወይ መልስ እየጠበቀ ከሆነ እቆያለሁ።

ታወር የሌለው ኤርፖርት ደግሞ ሌላ ነገር ነው፣ እሱን ያስተማረኝ አባቴ ነው ብል ማጋነን አይደለም። አባቴ ደሴ ኮምቦልቻ የሚሰራ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ሐረጎ ላይ መታጠፊያው የማያሳይ ሲሆን ክላክስ ይነፋል፣ ግን ክላክስ ስለነፋ መንገዱ የሱ አይሆንም፣ ፍጥነቱንም ይቀንሳል፣ አይኑም እዛው ነው። ታወር በሌለበት 10 ማይል ላይ ሆነሽ ማን እንደሆንሽ፣ የት እንዳለሽ፣ ምን ልታደርጊ እንደሆነ ትናገሪያለሽ፣ የኤርፖርቱን ስም መጀመሪያም መጨረሻም ላይ ትጠሪያለሽ፣ ምክንያቱም አሜሪካ 122.8 የሚባለውን ፍሪኩዌንሲ የሚጋሩት ብዙ ኤርፖርቶች ናቸው፣ የሌላውን ሰው ፋይናል የራስሽ ጋ ያለ መስሎሽ ትደነግጫለሽ። እና መልስ ስላልመጣ ሰው የለም ማለት አይደለም፣ እዛ ሬዲዮ ሳይኖራቸው የሚበሩም በህግ ይፈቀድላቸዋል። ደግሞ ይሄ ሬዲዮ ቀጥታ በሚተያዩ ቦታዎች መሃል ነው የሚሰራው፣ ተራራ ይጋርደዋል፣ ከጦሳ ጀርባ ዝቅ ብሎ የሚበር ሰው ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ላለ ሬዲዮ ላይሰማ ይችላል። አይን ነው ዋናው።

ሬዲዮው ጭራሽ ቢሞትስ ብሎ ወንድሜ ጠይቆኝ ነበር። ትራንስፖንደሩ ላይ 7600 ታስገቢያለሽ፣ ታወር ካለ ከዛ የሚያበሩልሽን መብራት ታያለሽ፣ ቋሚ አረንጓዴ እረፊ ነው፣ ቋሚ ቀይ ለሌላው ቅድሚያ ሰጥተሽ መዞርሽን ቀጥይ፣ ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ ደግሞ ኤርፖርቱ አደጋ አለው አትረፊ። ይሄን አሁንም ድረስ ጉልበቴ ላይ ባለችው ወረቀት ጥግ ላይ ጽፌ ነው የምይዘው።

ተመልሼ ሄጄ ብቻዬን የበረርኩት ያኔ የተሳሳትኩበት ኤርፖርት ላይ ነው። መጀመሪያ ስጠራቸው «ስቱደንት ፓይለት» ብዬ ጨመርኩ፣ ድሮ የማፍርበት ቃል ነበር፣ ተቆጣጣሪዎቹ ሲሰሙት ቀስ ይሉልሻል። ዳውንዊንድ ላይ ስደርስ ያው ረጅም ነገር መጣ፣ ግማሹ አመለጠኝ። መጀመሪያ አፍንጫውን አስተካከልኩ፣ ከፍታዬን አየሁ፣ ከዛ ቁልፉን ተጭኜ «ሴይ አጌን» አልኩ። ሰውየው ምንም ሳይቆጣ ቃል በቃል ለያይቶ ደገመልኝ፣ እኔም ዳውንዊንዱን አረዝማለሁ፣ ናምበር ቱ፣ ፋይናል ላይ ያለውን እየፈለግኩ ነው ብዬ መለስኩለት። ልቤ እየመታ ወደፊት ወደ ግራ ሳይ ቆየሁ። ቀይ መስመር ያለው ነጭ አውሮፕላን ከዛፎቹ በላይ ብቅ አለ። «አየሁት» አልኳቸው። በግራ ክንፌ ጫፍ አልፎ ወደ ራንዌዩ ወረደ፣ ከዛ ታጠፍኩ።