የነዳጅ ዋጋ ከነመንገዱ

በባሕር ዳር ነዳጅ ሲጠፋ ባጃጁ ሰልፍ ላይ ይውላል፣ ጀልባው ከወደቡ አይነቃነቅም፣ በየመንገዱ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ደግሞ ከማደያው ዋጋ እጅግ ይርቃል። ቦቴው ከጅቡቲ ተነስቶ በረሃውንና ደጋውን አቋርጦ ጣና ዳር እስኪደርስ ሊያስቀሩት የሚችሉት ነገሮች ብዙ ናቸው። ስለዚህም ጦር ኃይሎች ለአማራጭ ነዳጅ ስላወጡት ገንዘብ ሳነብ ቀድሜ የምጠይቀው፣ መንገዱን አሳጠረው ወይስ አላሳጠረው የሚለውን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 (ዓመቶቹ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካን የማሪን (የባሕር ወለድ እግረኛ) ክፍለ ጦር እየመሩ ባግዳድ የዘለቁት ጄኔራል ጄምስ ማቲስ፣ ሠራዊቱ ከነዳጅ አቅርቦት እስራት እንዲላቀቅ ጠይቀው ነበር። ጥያቄው የቅንጦት አልነበረም፤ የአሜሪካ ምድር ጦር ያስጠናው ጥናት በ2007 አፍጋኒስታን ውስጥ በየ24ቱ የነዳጅ ኮንቮይ አንድ ሰው ይሞት ወይም ይቆስል እንደነበር አመልክቷል።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል በበኩሉ በ2012 ለልምምድ ከአልጌና ካገለገለ የምግብ ዘይት የተሠራ 450,000 ጋሎን ነዳጅ በ12 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። አንዱ ጋሎን ከ26 ዶላር በላይ በመውጣቱ የአገሪቱ ምክር ቤት ተቆጣ፤ በእኔ ግምት ቁጣው ተገቢ ነበር። በ2016 ከበሬ ሞራ የተሠራ ነዳጅ አንድ አሥረኛ የተቀላቀለበት ድብልቅ ጋሎኑ በ2.05 ዶላር ተገኘ። ሞተሩ ሳይነካ መሥራቱ ትልቅ ብልሃት ነው፤ ይሁንና የሞራውንም ነዳጅ ቢሆን ጭኖ የሚያደርስ ያስፈልጋል።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳምነኝ በ2010 አንድ የማሪን ሻምበል ጦር አፍጋኒስታን ውስጥ ወዳለችው ሳንጊን ይዞት የሄደው ተጣጣፊ የፀሐይ ፓነል ነው። ራዲዮው የሚሞላው እዚያው ምሽጉ ላይ ስለነበር ለጄኔሬተር የሚጫነው ነዳጅና ወታደሩ በጀርባው የሚሸከመው ባትሪ ቀነሰ።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ የጣና ውኃ ከ2010 ጀምሮ 460 ሜጋ ዋት አቅም ያለውን የጣና በለስ ጣቢያ ሲያንቀሳቅስ፣ በዚያው ሐይቅ ላይ የሚመላለሰው ሞተር ጀልባ ግን ባሕር ተሻግሮ የመጣ ቤንዚን ይጠብቃል። መንግሥት በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ሲከለክል ከዚህ ጥገኝነት መውጣትን አስቦ ነው፤ አቅጣጫውን እደግፋለሁ። ነገር ግን የኤሌክትሪክ መስመርም እንደ መንገዱ ይቋረጣል፣ መብራት በሄደ ቁጥርም የሆስፒታሉና የውኃ መግፊያው ጄኔሬተር ናፍጣ ይጠይቃል። ስለዚህ በጀቱ ውስን ከሆነ ፓነሉና ባትሪው በቅድሚያ ለእነዚህ፣ እንዲሁም በሐይቁ ዳርቻና በደሴቶቹ ላሉ ጤና ኬላዎች የክትባት ማቀዝቀዣ ቢውል እመርጣለሁ፤ የቤት መኪናው ጉዳይ ከዚያ በኋላ ቢመጣ አይከፋኝም።