ስለ ቪየና ብቻ ለምትጠይቁኝ

ማስተርሴን ጨርሼ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ቪየና ነው። ብርዱ እንዴት ነው፣ ቤተ መንግስቶቹን አየሽ ወይ፣ ለምን እዛው አልቀረሽም (ይሄኛው ጥያቄ መቼም አይቀርም)። ግማሹን የተማርኩት ኬንያ ነው ስላቸው ደግሞ ፊታቸው ይቀየራል፣ "ኬንያ? ኬንያ ደግሞ ምን ልትማሪ?" ይሉኛል። እኔ ግን የምሬን ነው፣ ስለ ውሃ አሁን የማውቀውን አብዛኛውን ያወቅኩት ንጆሮ የምትባል የኬንያ ከተማ ነው፣ እና ይሄንን አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው።

ትምህርቱ ሊምኖሎጂ ነው፣ የሐይቅ፣ የወንዝና የረግረግ ሳይንስ በሉት። ቪየና ያለው ቦኩ ዩኒቨርሲቲ፣ ኬንያ ያለው ኤገርተን ዩኒቨርሲቲና ሆላንድ ደልፍት ያለው የውሃ ትምህርት ተቋም አንድ ላይ የሚሰጡት ፕሮግራም ነው። ደልፍት ራሱን የቻለ ታሪክ ስለሆነ ዛሬ ይቆየኝ።

ከቦሌ ቪየና ቀጥታ በረራ አለ፣ ማታ ተነስታችሁ ጠዋት እዛ ናችሁ። የተቀበለኝ የእናቴ ዘመድ ጋሼ የምለው ሰው እዛ ሀገር ከኖረ ብዙ ዘመኑ ነው፣ ገና ሻንጣዬን ሳላወርድ የሰጠኝ ምክር "የቧንቧ ውሃ ጠጪ፣ ሃይላንድ ስትገዢ እንዳላይሽ" የሚል ነበር። መጀመሪያ ለቁጠባ መስሎኝ ነበር፣ በኋላ ክላስ ውስጥ ስንማረው ነው ነገሩ የገባኝ። የቪየና ውሃ ከአልፕስ ተራራ ምንጮች ነው የሚመጣው፣ አንዱ መስመር በ1873 ሁለተኛው በ1910 (እንደ ፈረንጅ) የተሰራ፣ ውሃው ያን ሁሉ መንገድ በራሱ ቁልቁለት እየወረደ ነው ከተማ የሚገባው። እኔ ደግሞ የባቱ ልጅ ነኝ፣ ድሮ ዝዋይ የምንላት። የኛ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ እንዳለበት የሰፈራችንን ልጆች ጥርስ ያየ ሰው ያውቀዋል፣ የአለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከዛ በብዙ እጥፍ የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። ስለዚህ ያንን ብርጭቆ ስጠጣ ደስ አለኝ ወይስ ተናደድኩ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ሁለቱም ነው መልሱ።

የቪየናው ሴሚስተር በጣም የተስተካከለ ነገር ነው። ትራሙ በሰዓቱ፣ ላብራቶሪው ንጹህ፣ ዲአዮናይዝድ ውሃ (ማዕድኑ የወጣለት የላብራቶሪ ውሃ) እንደ ልብ፣ የጎደለ ኬሚካል የለም። ሉንዝ አም ዜ የምትባል ትንሽ የተራራ ከተማ ላይ ከ1905 ጀምሮ የሐይቅ ምርምር የሚሰራባት ጣቢያ አለች፣ ለፊልድ ወደዛ ወሰዱን። ሐይቁ ትንሽ ነው ግን 34 ሜትር ይጠልቃል። (እዛው አካባቢ ተራራው ላይ ግሩንሎክ የሚባል ጎድጓዳ ቦታ አለ፣ በ1932 ከዜሮ በታች 52.6 ዲግሪ ተለክቶበታል፣ ይሄንን ለእናቴ በስልክ ስነግራት "በይ ልጄ ወደዛ ጉድጓድ እንዳትጠጊ" ብላኝ ቁጭ አለች።) ሴኪ ዲስክ የሚባል ጥቁርና ነጭ የተቀባ ክብ ሳህን አለ፣ በገመድ ታስሮ ውሃ ውስጥ ይወርዳል፣ ከአይናችሁ የጠፋበት ላይ ገመዱን ትለካላችሁ፣ በቃ፣ ያ ነው የውሃው ጥራት በእይታ። ሉንዝ ላይ ገመዱን ለቀቅ፣ ለቀቅ፣ ለቀቅ፣ ሳህኑ አሁንም ይታያል፣ ጣቴ ደንዝዞ ገመዱ አይሰማኝም።

ከዛ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ድንጋይ እየገለበጡ እጭ መልቀም። እዛ ሀገር የወንዝን ጤና ከሚያዩባቸው ነገሮች አንዱ ድንጋዩ ስር የሚኖረው ነፍሳት ነው። ሁለት ጭራ ያለው ፕሌኮፕቴራ የሚባል እጭ አለ፣ ቀዝቃዛና ኦክስጅን የሞላበት ውሃ ካልሆነ አይኖርም፣ እሱ በብዛት ካለ ወንዙ ደህና ነው፣ ሊኖር በሚገባበት ቦታ ከጠፋ ግን ወንዙ የሆነ ነገር ሆኗል ማለት ነው። እኔም ይሄንን ህግ ብዬ ይዤ ደብተሬ ላይ አስምሬበት ወጣሁ፣ ለምን እንደነገርኳችሁ ትንሽ ቆይታችሁ ታዩታላችሁ።

ከኦስትሪያ ከልቤ ያልወጣው ግን ሌላ ነው። ከቪየና በታች ዳኑብ ዳር ሃይንቡርግ አካባቢ ያለውን የጎርፍ ሜዳ ደን ልናይ ሄድን። እዛ ቦታ በ1984 የሀይል ማመንጫ ግድብ ሊሰራ ደኑ መቆረጥ ሲጀምር በሺህ የሚቆጠር ህዝብ በታህሳስ ብርድ ድንኳን ተክሎ ደኑ ውስጥ ተቀመጠ፣ ፖሊስ ደበደበ፣ በመጨረሻ መንግስት ስራውን አቆመ፣ በ1996 ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ያስጎበኘን ሰውዬ ያኔ ተማሪ ሆኖ እዛ ድንኳን ውስጥ አድሯል። እኔ በልቤ ቀኑን ወደኛ መለስኩት፣ ታህሳስ 1977። የኛ ሀገር ሰው ያኔ ምን ላይ እንደነበረ ታውቃላችሁ። ለሰውዬው አልነገርኩትም፣ ምን ብዬ እነግረዋለሁ፣ ደሞ እኮ ያደረጉት ነገር ትክክል ነው።

የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀት ነገር ላይ ብዙ አልልም፣ አንድ ቢሮ ደጃፍ ላይ የጨረስኩት ጊዜ ቢመለስልኝ ቴሲሴን ሁለቴ እጽፍበት ነበር። እንለፈው።

ኬንያ። ከናይሮቢ ናኩሩ በማታቱ (የነሱ ሚኒባስ ታክሲ) ስትሄዱ ሊሙሩን አለፍ ስትሉ ስምጥ ሸለቆው ድንገት ከስራችሁ ይዘረጋል፣ ሰው ሁሉ ፎቶ ያነሳል፣ እኔ ግን አይኔ የለመደው መሬት ስለሆነ ቤቴ የደረስኩ ነው የመሰለኝ፣ ግራሩ፣ አቧራው፣ የአህያ ጋሪው። ከናኩሩ ንጆሮ ሌላ ማታቱ ነው፣ ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል፣ ሂሳብ በኤምፔሳ። ኤገርተን ግቢው ሰፊና አረንጓዴ ነው፣ በ1939 የእርሻ ትምህርት ቤት ሆኖ ነው የተጀመረው፣ ከፍታው ከአዲስ አበባ ብዙ ስለማያንስ ማታ ጋቢ ያስፈልጋችኋል። ምግብ ኡጋሊ (የበቆሎ ገንፎ) እና ሱኩማ ዊኪ የሚሉት ጎመን፣ ጠዋት ቻፓቲ በወተት ሻይ፣ ኡጋሊውን እስክለምደው ተቸግሬያለሁ አልዋሽም፣ ሻዩ ግን አንደኛ ነው።

የንጆሮ ወንዝ ከማው ተራራ ደን ይነሳና በዩኒቨርሲቲው በኩል አልፎ ናኩሩ ሐይቅ ይገባል። የማው ደን በተለይ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለሰፈራና ለእርሻ እየተባለ ብዙ ተቆርጧል፣ ወንዙም በበጋ ቦታ ቦታ ላይ ይቋረጣል። እኛ ሳምፕል የምንወስድበት ቦታ ላይ ጠዋት የአህያ ጋሪ ጀሪካኑን ጭኖ ውሃው መሀል ድረስ ይገባል፣ ጎን ላይ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፣ ከላይ በኩል ከብት ይጠጣል፣ የከብቱ ኮቴ የቀሰቀሰው ጭቃ ደግሞ ወደኛ ይመጣል። ቪየና ላይ ማኑዋሉ ሳምፕል የሚወሰደው ውሃው ካልተረበሸበት ቦታ ነው ይላል። እሺ፣ ያልተረበሸው የቱ ጋር ነው?

እና ድንጋይ ገለበጥን። ፕሌኮፕቴራ የለም። አሁንም ገለበጥን፣ የለም። ያገኘነው በብዛት ቀይ ትል የመሰለ የካይሮኖሚድ (ትንኝ የሚመስል ነፍሳት) እጭ ነው፣ ቀይ የሆነው ሄሞግሎቢን ስላለው ነው፣ ኦክስጅን ባነሰበት ጭቃ ውስጥም ይኖራል። ደብተሬ ላይ "በጣም የተበከለ" ብዬ ልጽፍ ስል የኬንያ አስተማሪያችን ቆሞ አየኝና ጠየቀኝ፣ እዚህ ወንዝ ውስጥ ሰው ሳይነካው በፊት ስንት ፕሌኮፕቴራ ነበር? ዝም። ምክንያቱም የምስራቅ አፍሪካ ወንዞች ውስጥ ከመጀመሪያውም የፕሌኮፕቴራ አይነቱ በጣም ጥቂት ነው፣ ሲጀመር ብዙ ያልነበረ ነገር አጣሁት ብላችሁ ወንዙ ላይ መፍረድ አትችሉም። ኦክስጅኑም እንደዛው፣ ሜዳ ላይ ያለ የአውሮፓ ቀዝቃዛ ወንዝ በ4 ዲግሪ ወደ 13 ሚሊግራም በሊትር ይይዛል፣ ናኩሩ ከፍታ ላይ 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ግን ምንም ያህል ንጹህ ቢሆን 7 እንኳን አይሞላም፣ ፊዚክስ ነው። የአልፕስን ሰንጠረዥ ይዞ እኛ ጋ መጥቶ ወንዝ መመርመር ለካ እንዲህ ነው ሰውን የሚያሳስተው። ቪየና የነገሩኝ ውሸት ነበር እያልኩ አይደለም፣ እዛው ለነበረው ወንዝ ትክክል ነው፣ የቱ ጋ እንደማይሰራ ግን ያየሁት ንጆሮ ነው።

ናኩሩ ሐይቅ ደግሞ ሌላ አለም። ውሃው በጣም አልካላይን ነው፣ ፒኤችው ወደ 10 ይጠጋል፣ እጃችሁን ስታስገቡ ሳሙና የነካችሁ ይመስል ይሟልጫል። ፓርኩ ውስጥ ጎሽም አንበሳም ስላለ ሬንጀር መሳሪያውን ይዞ አጠገባችን ይቆማል፣ እኛ ባልዲ፣ እሱ ጠመንጃ። ሴኪ ዲስኩን አወረድኩት፣ ክንዴን ሳልዘረጋ ጠፋ፣ በሴንቲሜትር ነው የጻፍነው። ከዛ ክሎሮፊል ለመለካት ውሃውን በፋይበር ግላስ ፊልተር ማሳለፍ አለ። ሉንዝ ላይ ሁለት ሊትር አሳልፈን ወረቀቱ ትንሽ ወየብ ከማለት ውጪ ምንም አልሆነም ነበር። ናኩሩ መብራት ጠፍቶ ስለነበር በእጅ ፓምፕ ነው የሰራነው፣ ከብልቃጧ ገና ትንሽ እንዳፈሰስኩ ውሃው ቆመ፣ ብትስቡት ብትስቡት ጠብ አይልም፣ ወረቀቱ ላይ የቀረው ጎመን ክትፎ የተለቀለቀበት ነው የሚመስለው። አርትሮስፒራ ነው፣ በዱቄት መልክ ስፒሩሊና እየተባለ የሚሸጠው፣ ትንሿ ፍላሚንጎ የምትበላው እሱን ነው። በኋላ 20 ሚሊሊትር ብቻ እየለካን ሰራን፣ ጣቴ ግን ለቀናት አረንጓዴ ነበር።

ፍላሚንጎዎቹ ድሮ ፖስትካርድ ላይ እንዳየናቸው አልጠበቁኝም። ከ2010 ገደማ ጀምሮ ሐይቁ እየሞላ ነው፣ የፓርኩን የድሮ በርና ቢሮዎች ውጧል፣ ግራሮቹ ደርቀው ውሃ ውስጥ እንደቆሙ ናቸው። ውሃው ሲበዛ ጨውነቱ ይቀንሳል፣ አርትሮስፒራው ይሳሳል፣ ወፎቹም አብዛኞቹ ቦጎሪያና ሌላ ሐይቅ ሄደው ይበላሉ። ምክንያቱ ምንድነው በሚለው ላይ ሰዉ ይከራከራል፣ የደኑ መቆረጥና ደለል ነው የሚል አለ፣ የመሬት እንቅስቃሴ ነው የሚልም አለ፣ የኬንያ መንግስት ያስጠናውና በ2021 የወጣው ሪፖርት ዋናውን ሚና ለዝናቡ መጨመር ነው የሰጠው። እኔ ደግሞ አብያታ ነው ትዝ የሚለኝ፣ በአንድ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የነሱ ሲሞላ የኛ ወደ ውስጥ ሸሽቷል። አብያታ ላይ ለሶዳ አሽ ፋብሪካው ሲሳብ የኖረ ውሃ አለ፣ ከዝዋይና ከቡልቡላ በኩል ለመስኖ የሚቀረው አለ። ክላስ ውስጥ ይሄንን ሳነሳ ኬንያዊ ጓደኞቼ ካርታ አውጥተው ሐይቆቹን በተርታ ሲያዩ ማታ ድረስ ወሬው አላለቀም፣ ቪየና ላይ ግን አብያታን ስጠራ በጨዋነት አናት ነቅንቀው ወደ ሚቀጥለው ስላይድ ነበር የሚያልፉት።

ናይቫሻ ስንሄድማ በቃ ባቱ ነች። ሐይቅ፣ ዳሩ ላይ ማለቂያ የሌለው የአበባ ግሪንሃውስ፣ ጠዋት ሰራተኛ የጫነ አውቶቡስ፣ ውሃው ላይ እምቦጭ፣ ጣና ላይ ያስለቀሰን ያው እምቦጭ፣ እነሱ ጋ ግን ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አለ። እኛ አሁን የምንከራከርበትን ነገር፣ ውሃውን ማን ምን ያህል ይስብ የሚለውን፣ እነሱ ቀድመው ስለገቡበት የውሃ ተጠቃሚዎች ማህበር አላቸው፣ አርሶ አደሩም የአበባ እርሻውም አንድ ስብሰባ ላይ ቁጭ ብለው ይጨቃጨቃሉ። ይሰራል ወይ? ሁሌ አይሰራም፣ ግን ቢያንስ የሚጨቃጨቁበት ወንበር አለ። ለዚህ ነው ለቴሲሴ ኬንያን የመረጥኩት፣ የክላሴ ኢትዮጵያውያን "አውሮፓ እያለልሽ?" ብለው ስቀውብኛል፣ ይሳቁ።

አሁን ለማመልከት ለምታስቡ። የኦስትሪያ መንግስት ለታዳጊ ሀገር ተማሪዎች የሚሰጠውን ስኮላርሺፕ በየአመቱ ራሳችሁ ቼክ አድርጉ፣ ኮታውም ህጉም ስለሚቀያየር የኔን ጊዜ አትያዙ። የዲግሪ ወረቀታችሁን ማረጋገጫ ቀድማችሁ አሰሩ፣ እዛ ሆናችሁ ዘመድ ስታሯሩጡ ነው የምትከርሙት። እስታትስቲክስ ያልወደደ ሰው አር የሚባለውን ሶፍትዌር ከመሄዱ በፊት ይነካካው። እስከ ደረት የሚደርሰው የጎማ ሱሪ ቪየና አለ፣ ኬንያ ግን በቁጥር ነው፣ እና ያለው ሁሉ ለወንድ የተሰራ ትልልቅ ቁጥር ስለሆነ እግራችሁ ትንሽ ከሆነ የራሳችሁን ቦቲ ከመርካቶ ገዝታችሁ ያዙ፣ እኔ ክላስ ውስጥ እግሯ የማይረጥብ ብቸኛዋ ልጅ ነበርኩ።