«ታች የት ልልቀቀው?»

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነኝ። አዲስ አበባ ዳር ባለ ኮንዶሚኒየም ሳይት ቤት ለቤት እዞራለሁ። ከክትባትና ከክብደት ሌላ የሕፃናቱን እድገትም አያለሁ። ኳስ በእግሩ ይመታል ወይ? ቃላት አገጣጥሞ ይናገራል ወይ?

አራተኛ ፎቅ ላይ ያገኘሁት ልጅ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ክብደቱ ጥሩ፣ ክትባቱም የተሟላ። ኳሷን ስሰጠው ግን ታቅፏት እናቱ ቀሚስ ሥር ተሸጎጠ። ንግግሩ ከጥቂት ቃል አያልፍም። ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ ካርቱን ያሳያል፤ ያውም በማይገባው ቋንቋ።

የተለመደውን ምክሬን ጀመርኩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበት። ስክሪን ደግሞ ቢበዛ 1 ሰዓት። እናትየው ጨርሼ እስክናገር ጠበቀችና «ሲስተር፣ ታች የት ልልቀቀው?» አለችኝ።

በመስኮት አሳየችኝ። ግቢው በመኪና ተሞልቷል። ደረጃው አጠገብ ያለው የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳኑ ተሰርቆ ክፍቱን ቀርቷል። ለነዋሪው የጋራ መገልገያ የተሠራው ኮሙናል መጋዘን ሆኖ ተከራይቷል።

መሀል ከተማ የቀበሌ ቤት ሳሉ ክፍሏ ጠባብ፣ ሽንት ቤቱም የጋራ ነበር። ልጁን ግን ጎረቤቱ ሁሉ ይቀባበለው ነበር። አንዷ ታጎርሰዋለች፣ ሌላው ይቆጣዋል፣ ቡና ላይ ከጭን ጭን ይዞራል። አሁን ቀኑን ሙሉ የምታናግረው እሷ ብቻ ናት። እሷም ሰው ናት፣ ይደክማታል።

አሜሪካ ውስጥ በ1990ዎቹ ድሃ ሰፈር የሚኖሩ ቤተሰቦች ድህነት ወደሚያንስበት ሰፈር እንዲዛወሩ የሚረዳ ፕሮግራም ነበር። 13 ዓመት ሳይሞላቸው የተዛወሩት ልጆች ሲያድጉ ገቢያቸው ካልተዛወሩት በ31 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ። እነዚያ ሰፈር ነው የቀየሩት። የኛዎቹ በአብዛኛው ያገኙት ቤት ነው። ሰፈሩ ገና አልተሠራም።

የብሎኩ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ገባሁ። ሰብሳቢው «ጉድጓድና የሕፃናት ጤና ምን አገናኘው?» አሉኝ። መልሴን ሳልጀምር አንዲት አያት ብድግ ብለው፣ የልጅ ልጃቸው ጉድጓዱ ውስጥ ወድቆ እግሩን ተጎድቶ እንደነበር ተናገሩ። ከዚያ በኋላ የኔ መመሪያ አላስፈለገም። ለክዳኑ እዚያው መዋጮ ተሰበሰበ። መኪና ያላቸው ግን ተቆጡ፤ ብዙ ጭቅጭቅ ሆኖ አንደኛው ጥግ ለልጆች ተለቀቀ።

ልጁ አሁን አመሻሽ ላይ ይወርዳል፤ ትልልቆቹ ሴት ልጆች ይዘውት ይሯሯጣሉ። ንግግሩን ግን ለሰፈሩ ብቻ አልተውኩትም፤ ጆሮውም ሌላውም እንዲታይ ሪፈር ጽፌለታለሁ። አዲስ ቤት ስገባም ምክር ከመጀመሬ በፊት ልጁ የት እንደሚጫወት እጠይቃለሁ። ቅጻችን ላይ ለዚህ ቦታ ስለሌለ ጠርዙ ላይ እጽፈዋለሁ።

ኮሙናሉ ግን ዛሬም መጋዘን ነው። የዘበኞቹ ደሞዝ የሚከፈለው ከሱ ኪራይ ነው።