አምስት ጊዜ «እፀልይልሻለሁ»

ከጠዋት ጀምሮ ሲዘንብ ነው የዋለው። ያው የጅማ ሐምሌ ነው፣ አዲስ ነገር የለውም፣ ግን የዛሬው ምን እንደሆነ እንጃ ሆዴን አባባኝ። መብራት ከትናንት ማታ ጀምሮ የለም። ልብሱ ሳሎን ገመድ ላይ ሶስተኛ ቀኑን ይዟል፣ አልደርቅም ብሏል። ከሰል አያይዤ ቡና ልቁላ ብዬ ተነሳሁና ስልኬ ስንት ፐርሰንት እንደቀረው ልይ ብዬ ስከፍተው 14፣ ከዛ እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ ኩላሊቷን ከታመመችው ጓደኛዬ ከቲ ጋር የተፃፃፍነውን ወደላይ እየገፋሁ ማንበብ ጀመርኩ።

ከግንቦት ወዲህ አምስት ጊዜ «እፀልይልሻለሁ የኔ ቆንጆ» ብያታለሁ። ቆጠርኩት። እሷም አምስቱንም ጊዜ «አሜን ተባረኪልኝ» ብላ መልሳለች። ከአምስቱ የፀለይኩት ስንቱን ነው? ሁለቱን አስታውሳለሁ። አንዱን ደሞ አልጋ ላይ ሆኜ ነው የጀመርኩት፣ አሜን ማለቴን አላስታውስም።

ውሸታም ሆኜ አይደለም እኮ። ስትነግረኝ አንጀቴ ይላወሳል፣ የምላት ይጠፋኛል፣ ያቺ ቃል ደሞ ሁሌም አፌ ላይ ናት። ልክ ስልካት አንድ ነገር ያደረግኩላት ይመስለኝና ቀለል ይለኛል። የቀለለኝ ለኔ ነው፣ ለሷ ምን ቀለላት?

ህብረታችንም ላይ እንደዛው ነው። መጀመሪያ የሰማን ሰሞን ሶስት ቀን ፆም ፀሎት ያዝንላት፣ ያላለቀሰ አልነበረም። አሁን የፀሎት ርዕስ ሲነበብ ስሟ ከተማሪዎች ፈተናና ከጣሪያው እድሳት መሀል ይጠራና ይታለፋል። ደሟ በማሽን የሚጣራበት ዳያሊሲስ ግን አሁንም በሳምንት ሶስት ቀን ነው፣ አንዱ ብቻ አራት ሰአት ይፈጃል። ውሃ በልክ ነው የምትጠጣው። ሙዝና አቮካዶ ፖታሲየም አለው ተብላ ተከልክላለች፣ ጅማ ተቀምጦ ሙዝና አቮካዶ መከልከል ምን ማለት እንደሆነ የጅማ ሰው ይፍረደኝ። ቡናም ቢሆን ያቺን አንድ ስኒ ይዛ ሶስተኛው እስኪደርስ ፉት እያለች ታቆያታለች፣ ከኛ ጋር እየጠጣች እንዲመስል።

ሰኔ ላይ ከጅማው መርካቶ ባጃጅ ይዤ ቤቷ የሄድኩ ቀን ትዝ አለኝ። ጎረቤቷ አዴ ዘ ምግብ በሰሃን ሸፍነው ይዘው ገቡ፣ እሷ እንደምትበላው ያለ ጨው የተሰራ። ሰሃኑን አስቀመጡና እዛው እንደቆሙ መዳፋቸውን ዘርግተው በኦሮምኛ ዱዓ አደረጉላት፣ አሚን ብለው ፊታቸውን አበሱና ወጡ። ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ከመሄዴ በፊት እኔ ምን አልኳት? «እፀልይልሻለሁ»። እጇ እጄ ውስጥ ነበር እኮ! እዛው አይኔን ብጨፍን ምን ነበረበት?

አንድ ወንድም ደሞ መጥቶ «እምነትሽ ቢጠነክር ይሄኔ ተነስተሽ ነበር» ብሏታል። ይሄን ስትነግረኝ አላለቀሰችም፣ እኔ ግን እስካሁን ያመኛል። የኢዮብ ጓደኞች እኮ መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበሩ። ኤልፋዝ፣ በልዳዶስ፣ ሶፋር፣ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ተቀመጡ፣ ህመሙ እጅግ እንደበረታ አይተው አንዲት ቃል አልተናገሩም። የተበላሸው አፋቸውን ከፍተው የሱን ጥፋት መፈለግ ሲጀምሩ ነው። ማርቆስ 2 ላይ ጣሪያ አፍርሰው ሽባውን ከነአልጋው ያወረዱት አራቱስ? ጌታ «እምነታቸውን አይቶ» ነው የሚለው። የተሸካሚዎቹን እምነት። ሽባው በዛ ሰአት ያምን ይሁን ወይ ተስፋ ቆርጦ ይሁን ምንም አልተፃፈም። ለዛ ወንድም ይሄን ልነግረው ይገባኝ ነበር፣ ግን እኔስ የአልጋውን የቱን ጫፍ ይዤ ነው የምናገረው?

ከሁሉ የማልረሳው ግን ያን ቀን እሷ ያደረገችውን ነው። በር ላይ ስሸኛት... ማለቴ ስትሸኘኝ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ «የማሚ አይን እንዴት ሆነ?» አለችኝ። ገና ነው ስላት እዛው በር ላይ ለእናቴ ፀለየችላት። ለራሷ መፀለይ ካቆመች ወር እንዳለፋት ቅድም ነግራኛለች፣ ቃል አይወጣኝም ብላ። ኢዮብም ምርኮው የተመለሰለት ስለ ጓደኞቹ ሲፀልይ ነው፣ እነዚያው ያቆሰሉት ጓደኞቹ።

ይሄን እየፃፍኩ ደወልኩላት። «ቲ፣ አሁን አብረን እንፀልይ» አልኳት። ዝም አለች፣ የኔ ጣሪያ ላይ ዝናቡ ያንኳኳል፣ በስልኩም የሷ ቤት ቆርቆሮ ይሰማኛል። ቆይታ «እንድድን አትበይ በቃ። ማታ እንቅልፍ እንዲወስደኝ ብቻ ለምኚልኝ» አለችኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሰውነቷን ሲያሳክካት ነው የምታድረው።

እንቅልፍ ብቻ ለመንኩላት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። አሜን አለች፣ ድምጿ ትንሽ ለቀቅ ያለ መሰለኝ። ነገ ጠዋት አብሬያት እሄዳለሁ፣ አራቱን ሰአት እዛው እጠብቃታለሁ።

ከሰሉ አመድ ሆኗል። ስልኩን ከዘጋሁ ወዲህ አንድ ነገር ሆዴን እየበላኝ ነው፣ እንድትድን ሳልለምን የቀረሁት እሷን ሰምቼ ነው ወይስ እኔም ውስጥ ውስጡን ተስፋ ቆርጬ?